ጢጥ ካለ ደህና ነው

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳደረገኝ አይገባችሁምና ከራሴ ልጀምር። ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። ሬድዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጀር፣ የአጥቢያ ድምፅ ማጉያ፣ ኮረንቲ የሚበላ ነገር ሁሉ እጠግናለሁ። ሰው ዕቃ ሲያመጣልኝ ፊቱን አላይም ነበር፤ ዕቃውን ነበር የማየው። ከፍቼ በሽታውን ባገኘሁበት ቅጽበት እናገራለሁ። "ይሄ አልቆለታል፣ ውሰደው።" በቃ። የሰፈሩ ሰው "አስማረ እጁ ማር፣ አፉ ሬት" ይለኝ ነበር። እኔም ስድብ መሆኑን እያወቅሁ እንደ ምርቃት እቀበለው ነበር።

እናቴ የሞተች ጊዜ ወልድያ መናኸሪያ ነበርኩ። የአጎቴ ልጅ ስልኬ ላይ ጽፎ ላከልኝ። እናትህ ዐርፋለች፣ ትናንት ተቀብራለች፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። አነበብኩት። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። የላሊበላ መኪና ረዳት "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኽ ነበርና እኔ ያ አንድ ሰው ሆኜ ተሳፈርኩ። አላለቀስኩም። ከዚያ በኋላ መርዶ ለመንገር ሽማግሌ የሚሰበሰበው፣ ጎህ ሳይቀድ በር የሚንኳኳው፣ ሰው ሁሉ ወር ሙሉ እያወቀ ባለቤቱ ብቻ እንዳይሰማ የሚደበቀው ነገር ሁሉ የማይረባ ቲያትር ይመስለኝ ጀመር። "የሞተ ሞቷል፤ አንድ መስመር ይበቃዋል" እል ነበር። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ብያለሁ።

እንግዲህ እማማ ዝናሽ የመጡት ይህን ወደሚል ሰው ነው።

አንድ ጠዋት ሳጥን የሚያህል ነገር በነጠላ አዝለው ደጃፌ ቆሙ። ልጅ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ ብለው አወረዱት። የጊታር ድምፅ የምታጎላ ትንሽ አምፕሊፋየር ናት። ፊቷ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ ጥግ ጥጓ የተላጠ፣ በአንድ እጅ የምትያዝ።

"እንዴት አደርህ፣ አስማረ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ እማማ?"

"የይርጋ ሳጥን ድምፁን አጠፋ።"

ድምፁን አጠፋ የሚባለው ለዕቃም ለሰውም ነው። አገር ጥሎ ሄዶ ወሬው የማይሰማ ልጅ ድምፁን አጠፋ ይባላል። ይርጋ ደግሞ ልጃቸው ነው። እኔ እንደ ልማዴ ቀና ሳልል "ማን ነው ያጠፋው፣ ይርጋ ወይስ ሳጥኑ?" አልኩ።

"ሳጥኑ ነው ያልሁህ። የልጁንማ ለምጀዋለሁ" አሉኝ።

ያን ጊዜ ቀና አልኩ።

ይርጋን የማያውቅ የለም። አንድ ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ ለእንግዶች ጊታር ይጫወት የነበረ ቀይ ረጅም ልጅ ነው። ጊታሩንም አምፕሊፋየሩንም አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደ ነው። እንግዳ ከአገራችን ሲጠፋ ሆቴሉ ተዘጋ፣ ይርጋም ጊታሩን ሸጦ ለመንገድ አደረገውና በባሕር በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከጓደኛው ጋር ወጣ። አምፕሊፋየሯን ግን የሚገዛ አልተገኘም። ሲወጣ ሶኬት ላይ እንደተሰካች፣ ቀይ መብራቷ እንደበራ ነበረች። እናቱን "እንዳታጠፊው፤ መጥቼ ራሴ አጠፋዋለሁ" ብሏቸው ሳቀ አሉ። ልጅ እናቱን ሲሰናበት የሚናገረው ነገር ሲያጣ የሚለው ነው። እሳቸው ግን ቃሉን ያዙ። ክረምትም በጋም ያቺ ቀይ መብራት በእማማ ዝናሽ ቤት በራች። ድምፅ ማውጫዋ ውስጥ የምትሰማ ዝቅተኛ እምምታ አለች፤ ጊታር ባይኖርም ኮረንቲ ካለ አትጠፋም። እሷን እያዳመጡ ነበር የሚተኙት።

"መብራት ሲሄድ ይሄዳል" አሉኝ፣ "መብራት ሲመጣ ይመጣል። አሁን ግን መብራቱ መጥቶ እሱ አልመጣም።"

"አይዞዎት፣ አየዋለሁ።"

"እውነቱን ንገረኝ እንግዲህ። እሱ እስካለ ልጄ አለ ብዬ ነው የተቀመጥሁ። አይድንም ካልኸኝ ምልኪ ነው፤ ማቄን እለብሳለሁ።"

ገመዱን ከስፒናው ጀምሮ በቴስተር ለካሁላቸው። ቴስተር ማለት ሁለት ሹል ጫፍ ያላት መለኪያ ናት፤ በመሐል የተቆረጠ ነገር ከሌለ ትጮኻለች። ጢጥ አለች።

"ምን አለች?" አሉ።

"ገመዱ ደህና ነው አለች። ጢጥ ካለች ደህና ነው፣ ዝም ካለች ተበጥሷል ማለት ነው።"

"ጢጥ ካለ ደህና ነው" ብለው ደገሙት፣ ጸሎት እንደሚለምድ ሰው። ከዚያ ሊሄዱ ተነሥተው እንደገና ዞሩ። "አንድ ነገር እይልኝ። በራሱ ነው የጠፋው ወይስ ተነክቶ?"

"አይጥ ይሆናል ብለው ነው?"

"እየው ብቻ።" ነገ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

ወዲያው ሥራ ጀመርኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ለካሁ፤ ደህና ነው። የኋላዋን ክዳን ልፈታ ካቻቢቴዬን ሳነሣ ግን ቪቴዎቹ ቀድመውኝ ተነክተው አገኘኋቸው። ጭንቅላታቸው ተፍቋል። በካቻቢቴ የተፈታ ቪቴ እንዲያ አይሆንም፤ በቢላዋ ጫፍ የታገለ ሰው ሥራ ነው። ጭረቱ ደግሞ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ከፈትኩ። ውስጡ የዓመታት አቧራ ተኝቶበታል፤ በአቧራው መሐል ግን የወፍራም ጣት መንገድ አለ። የጣቱን መንገድ ተከትዬ ስሄድ ፊውዟ ከምትቀመጥበት ቦታ ደረስኩ። ሁለቱ የብረት መያዣዎች አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል፤ ፊውዝ የለችም።

ፊውዝ የጣት አንጓ የምታክል የብርጭቆ ቱቦ ናት፤ ውስጧ ፀጉር የመሰለች ሽቦ አለች። ኮረንቲ ሲበዛ እሷ ተቃጥላ ሌላውን ታድናለች። ተቃጥላ ብትሆን አይገርመኝም፤ የእኛ አገር መብራት ፊውዝ ሲፈጅ ነው የሚውለው። ጭራሽ አለመኖሯ ግን አስገረመኝ። ወልቃ ወድቃ ይሆናል ብዬ ሳጥኗን ገልብጬ አራገፍኩ። አቧራ ብቻ ወረደ። ማን ነው ፊውዝ የሚሰርቅ?

ከራሴ ዕቃ አዲስ ፊውዝ አውጥቼ ከተትኩ። ልሰካት ስል መብራት ሄደ። እዚያው በጨለመች ሱቅ ውስጥ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። መብራቱ የተመለሰው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ቀይዋ አምፖል በራች። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ዝም። ዓይኗን ገልጣ መናገር ያቃታት በሽተኛ ሆነችብኝ። እንደገና ስከፍታት ወደ ድምፅ ማውጫው ከሚሄዱት ሽቦዎች አንዱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ክዳኑን ያወጣው ሰው ሽቦ መኖሩን ሳያውቅ ስቦታል። በየድኩት። ያን ጊዜ እምም አለች። የጊታሩ ገመድ የሚገባበትን ጫፍ በጣቴ ስነካው ጮኸች። ዳነች።

በሥራዬ ደስ ብሎኝ ሳጥኗን ጠረጴዛዬ ላይ እንደበራች ትቼ ሄድኩ። አንድ ሰው ሆን ብሎ እንዳወለቃት ግን ገብቶኛል፤ ለእማማ ዝናሽም እንቅጩን ልነግራቸው አስቤአለሁ። በሽታው ይኸው፣ በሽታ አምጪውን እርስዎ ይፈልጉ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት ጋሽ ስዩም መጡ፤ የእማማ ዝናሽ ባለቤት፣ የይርጋ አባት። እንግዳ በነበረ ጊዜ ሰው በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ያወጡ ነበር። አሁን በቅሎዋ ጤፍና ሲሚንቶ ነው የምትጭነው። ከደጃፌ ምሰሶ አስረዋት ገቡ። ዓይናቸው ቀጥታ ቀይ መብራቷ ላይ ዐረፈ።

"ሠራኻት?"

"ሠራኋት ጋሼ። ዋናው ነገር ፊውዟ ወልቃ ነው። ሰው ነው ያወለቃት፣ በቢላዋ ከፍቶ።"

ጋሽ ስዩም ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ካቻቢቴዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ይርጋ ነው ያሳየኝ። አንድ ጊዜ ኮረንቲ በርትቶ ሲያቃጥልበት እፊቴ ከፈታት። ያቺን ነገር በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ 'አባ፣ ነፍሱ ይቺ ናት፤ ይቺ ከወጣች ሬሳ ነው' አለኝና ሳቀ። አሁን እኔ ነፍሱን አወጣሁበት።"

"ለምን ጋሼ?"

"ልጁ የለማ።"

ውጭ በቅሎዋ ጆሮዋን አራገበች። እሳቸው እየተቆራረጡ ነገሩኝ። አብሮት የሄደው ጓደኛው እማማ ዝናሽ ሳይሰሙ ተመልሷል። ሌሊት ጀልባ ላይ እንደወጡ፣ ጀልባዋ ሰው እንደበዛባት፣ ከተገለበጠች በኋላ እሱ ሲወጣ ይርጋ እንዳልወጣ ለእሳቸውና ለወንድማቸው ነግሯቸዋል። ያን ጊዜ የይርጋ እህት የመውለጃዋ ወር ነበር። ከዚያም ወለደች፣ እናቷ ቤት ታረሰች። አራስ ቤት መርዶ አይገባም። ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ጋሽ ስዩም ይህን ነገር ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ከሚስታቸው ጋር በአንድ ገበታ ሲበሉ ከረሙ። ክርስትናው ሰሞኑን አልፏል።

"ነገ ማለዳ የንስሐ አባታችንን ይዘን እንነግራታለን። ግን እሱ መብራት እያለ ማን ቢነግራት ታምናለች? 'ሳጥኑ በርቶ?' ነው የምትል። እሱ ቢጠፋ ልቧ ቀድሞ ይለምደዋል ብዬ... ልታሠራው ትወስደዋለች ብዬ መች አሰብሁ።" አንገታቸውን ደፉ። "አልተቻለም በላት፣ ልጄ።"

እኔ ያ አንድ መስመር ይበቃዋል የምለው ሰው ነኝ። "ዛሬ ከሰዓት እማማ እዚህ ይመጣሉ" አልኳቸው። "ለምን እዚሁ ሆነው አይነግሯቸውም? ምን ያደርጋል ሽማግሌው ሁሉ?"

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም።

"አንተ እናትህ ስትሞት ማን ነገረህ?"

"ስልኬ።"

"ወይ ልጄን" አሉ። "ብቻህን?"

"መናኸሪያ ነበርኩ።"

"እንግዲህ አየህ። መርዶ እኮ ወሬ አይደለም። ወሬውንማ ማንም ያመጣዋል። ስትወድቅ የሚይዝህ ሰው አጠገብህ ሳይቆም አይነገርም፤ ለዚያ ነው ሰው የሚሰበሰብ።" ኮፍያቸውን አደረጉ። "ነገ አንተም ና።"

እሺ አልኩ። በሕይወቴ ለደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እሺ አልኩ። ሲሄዱ ማጥፊያውን ተጫንኩትና ሳጥኗን ጨርቅ አለበስኳት።

እስከ ከሰዓት ምንም ሥራ አልሠራሁም። ውሸቴን ስለማመድ ቆየሁ። ፊውዟ ተቃጥላ ሌላውንም ይዛው ሄዳለች፣ መለዋወጫ የለም፤ እንዲህ ልላቸው ነው። የረሳሁት ነገር ቢኖር የራሴን ልማድ ነው። በእኛ ሙያ ሰው አያምንም፤ ደህናውን አውጥቶ አሮጌ ከተተልኝ የማይል ደንበኛ የለም። ስለዚህ እኔ የተቃጠለውን ዕቃ በወረቀት ጠቅልዬ ለባለቤቱ ሳልሰጥ አልሸኝም። ከተማው ሁሉ ይህን ያውቃል።

እማማ ዝናሽ መጡ። ሳይቀመጡ "እህሳ?" አሉ።

"እማማ፣ አልተቻለም" አልኩ። "ፊውዟ ተቃጥላ ሌላውንም ይዛው ሄዳለች።"

አላለቀሱም። አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። "የተቃጠለችውን ስጠኛ። ለሰው ሁሉ ጠቅልለህ ትሰጥ የለ?"

የተቃጠሉ ዕቃዎችን የማጠራቅምባት ቆርቆሮ አለችኝ። እጄን ሰድጄ አንዲት ፊውዝ አወጣሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ብርጭቆዋ በጥላሸት ጠቁሯል። እማማ ዝናሽ ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩዋት።

"ይቺ ጠቁራለች።"

"ስትቃጠል ትጠቁራለች።"

የነጠላቸውን ጫፍ ሳቡ። ቋጠሮ ነበረው፤ በጥርሳቸው ፈቱት። ከውስጡ ሌላ ፊውዝ ወጣች፣ ንጹሕ፣ እንደ ጤዛ የጠራች። ከጥቁሯ ጎን አስቀመጧት።

"ይቺ ደግሞ አልጠቆረችም" አሉ። "ሳጥኑ የጠፋ ቀን፣ ክርስትናው ሲያልፍ የስዩምን ጃኬት ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ አገኘኋት። ይርጋ 'ነፍሱ ይቺ ናት' ሲለው ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነች አውቃታለሁ። ዓይኔ ነው አልደርስልሽ ያለኝ። ክሯ አለች ወይስ የለችም? ተበጥሳ ከሆነ ሊያሠራት ነው ያወጣት። ካልተበጠሰች..."

አልጨረሱትም።

አሁን ሳስበው ብዙ ማለት እችል ነበር። እኔም አይታየኝም ማለት እችል ነበር። እጄ ግን ከአፌ ቀደመ። ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ ፊውዝ ፊቱ ከተቀመጠ ይለካል። ቴስተሩን አንሥቼ ሁለቱን ጫፎች ነካኋቸው።

ጢጥ።

እማማ ዝናሽ ድምፁን ሰሙ። እኔም የሠራሁትን ሰማሁ።

"ጢጥ ካለ ደህና ነው" አሉ፣ በዝቅታ። "ደህና ናት ማለት ነው።"

የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ዘንበል ሲሉ አየሁና ጠረጴዛውን ዞሬ ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። በርጩማው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጠዋት ባላቸው የተቀመጡባት በርጩማ ናት።

"እኔ መች ጠፋኝ" አሉ። "ሰው ሁሉ ቤቴ ሲገባ ወሬውን ያቋርጣል። ስዩምም እንጀራውን ይቆርሳል እንጂ አይውጠውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ማረጋገጫው ብቻ ነበር የቀረኝ።" ከዚያ ጨርቅ ወደለበሰችው ሳጥን አዩ። "ሠርተኻታል፣ አይደል?"

"አዎ።"

"በራሷ አብራልኝ። በሷው ነፍስ።"

የእኔን ፊውዝ አወጣሁ፤ የእሳቸውን ከተትኩ። ክዳኑን ሳልገጥም እንደተከፈተች ሰካኋት። ቀይዋ በራች። እምምታዋ ተሰማ። እማማ ዝናሽ መዳፋቸውን በጥቁሩ ጨርቅ ላይ አሳረፉ፤ ጨርቁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማቸው ነበር መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ ሰዎች ስለ ዝናብ እያወሩ አለፉ። እሳቸው መዳፋቸውን አላነሡም።

"መጥቼ አጠፋዋለሁ ብሎኝ ነበር" አሉ። ጣታቸው ማብሪያውን ፈልጎ አገኘው። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ራሳቸው ተጫኑት።

መብራቷ ጠፋች።

ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን "በል አሁን አውጥተህ ስጠኝ" አሉና ፊውዟን ተቀብለው እንደነበረችው ነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። "ስዩም ኪስ እመልሳታለሁ፣ ሳያጣት።"

"እማማ..."

"ስማኝ። ይህን ስንት ጊዜ ለብቻው ተሸክሞልኛል። አሁን አውቄዋለሁ ብለው ድካሙ ሁሉ ለከንቱ ይሆንበታል። መቼ ነው የሚነግሩኝ?"

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያን ቀን ግን ዝምታዬም ተናጋሪ ሆነብኝ።

"ነገ ነው" አሉ ፊቴን አይተው። "እንግዲያ ነገ አለቅሳለሁ። አንተ አልነገርኸኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ሳጥኑ አልተቻለም ብሎኛል እለዋለሁ።"

ሳጥኗን እንዳመጣጣቸው አዝለዋት ወጡ። ዳገቱን ሲወጡ ቆሜ አየኋቸው። አንድም ጊዜ አልቆሙም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሄድኩ። ጋቢ የለበሱ ሰዎች በጋሽ ስዩም አጥር ሥር ቆመዋል፤ የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ከፊት አሉ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋሽ ስዩም ከቤት ወጥተው ተቀላቀሉን። የለበሱት ጃኬት ያ ፊውዟ የነበረችበት ነው። በሩ ተንኳኳ።

እማማ ዝናሽ ወጡ። ደጁ ተጠርጎ ነበር። በዚያ ጨለማ የተጠረገ ደጅ ማንም ልብ አላለውም፣ ከእኔ በቀር።

"ምነው አባ? ምነው በማለዳ? በደህና ነው?" አሉ። ድምፃቸው የማያውቅ ሰው ድምፅ ነው። ቄሱ "ልጄ ዝናሽ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን..." ብለው ጀመሩ። እማማ ዝናሽ ግን እሳቸውን አላዩም። ባላቸውን ነበር የሚያዩት።

ጩኸታቸው ሲወጣ ትናንት ሱቄ ውስጥ የታፈነው መሆኑን አወቅሁ። የማስመሰል አንዳች አልነበረበትም። ሴቶቹ ከጎረቤት እየሮጡ መጡና ያዟቸው። ጋሽ ስዩም ግን ማንም ሳይነካቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ከወር በላይ ቆሞ የከረመ ሰው በአንዴ ሲወድቅ ማለት ነው። እማማ ዝናሽ ከያዟቸው እጆች ወጥተው ሄደው አጠገባቸው ተንበረከኩ። የባላቸውን ራስ ደረታቸው ላይ ይዘው "አብሽር፣ አብሽር የኔ ጌታ፤ ነገርኸኝ በቃ" ይሏቸው ነበር። ሰው ሁሉ የሚያጽናናው እሳቸውን ነው፤ እሳቸው የሚያጽናኑት ባላቸውን።

ያን ጊዜ ነው እኔ የተሰበርኩት። ከአጥሩ ሥር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን አቅፈው "የይርጋ ጓደኛ ነበርህ ልጄ?" አሉኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ይርጋን ሁለት ሦስቴ ባየው ነው። ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚያለቅሰው የየራሱን ነው ይባላል። እኔ ያለቀስኩት እናቴን ነው፤ ከወልድያ መናኸሪያ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ያስቀመጥኳትን።

እናንተ ይህን የምታነብቡ፣ መርዶ በስልክ የደረሳችሁ ስንቶች ናችሁ? እየበዛን ነው መሰለኝ። አገሩ ተበታትኗል፤ በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ሁሉ ጋ አይደርስም። ላኪውን አልወቅስም። የአጎቴን ልጅም አልወቅሰውም፤ ሊያንኳኳው የሚችል በር አልነበረኝም። ግን የማያንኳኳ መርዶ የትም አይገባም፤ ውጭ ቆሞ ይቀራል። እኔ ያን ማለዳ በሰው ደጅ ቆሜ አስገባሁት። አጽናናኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲያውም እንቅልፍ የነሣኝ፤ አሁን እናቴ የለችም። በፊት ግን አልሞተችም ነበር፤ ድምፅዋን ብቻ አጥፍታ ነበር።

ዛሬ ደንበኛ ሲመጣ በርጩማውን አስጠጋለሁ። የሞተ ዕቃ ቢሆንም ሰውየው ሳይቀመጥ አልነግረውም። ይሳቁብኛል፤ "አስማረ ለሬድዮም መርዶ ይነግር ጀመር" ይላሉ። ይበሉ። የባልና የሚስቱን ስም ለውጫለሁ፤ በቅሎ ያልኩትም በቅሎ ላይሆን ይችላል። እንዳትፈልጓቸው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ለቅሶው ከበረደ በኋላ ጋሽ ስዩም ሳጥኗን ታቅፈው ወደ ሱቄ መጡ። ከጃኬታቸው ኪስ ያቺን ፊውዝ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"አስገባልኝ" አሉ። "ቤቱ ጸጥታው በዛባት። ሌሊት ሌሊት ስታዳምጥ አያታለሁ።"

ፊውዟን ለካኋት። ጢጥ።

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት ጋሼ።"

ክዳኑን ስገጥም ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያወጣኋት እኔ መሆኔን ዝናሽ እስካሁን አታውቅም" አሉኝ። "እንዳትነግራት። ቢከፋት አልችለውም።"

"አልነግራቸውም" አልኩ።